የዳፍንት ነገርና ካሮቲን የተባለው ቢጫ ቀለም፤ ለነቀምቴና ለወለጋ ወረዳዎች ሹማምንት የተጻፈ

ፀሐይ ጠልቃ ጥጆች ወደ ጋጣ በሚገቡበት ሰዓት፥ ቀኑን ሙሉ በደኅና ሲጫወት የዋለ ሕፃን ድንገት ግድግዳ ይዞ መሄድ ቢጀምር፥ በርጩማው ቢያደናቅፈው፥ እናቱ የሰጠችውንም ምግብ በእጁ እየዳሰሰ ቢፈልገው፥ ያ ልጅ ዳፍንት ይዞታል። በማግሥቱ ጠዋት እንደ ማንኛውም ልጅ ያያልና ቤተ ሰቡ ነገሩን ይረሳዋል፤ አንዳንዱም በልጁ ፍርሃትና ስንፍና ያመካኛል። ነገር ግን ዳፍንት የዓይን ብቻ በሽታ አይደለም። በሰውነት ውስጥ ቫይታሚን «ኤ» የተባለው ነገር ማለቁን የሚናገር የመጀመሪያው መልእክተኛ ነው። ከእርሱ በኋላ የሚከተለው የዓይን መድረቅ፥ የዓይን ፊት መቍሰልና ዕውርነት ነው፤ ከዚያም የሚብሰው በኩፍኝና በተቅማጥ መሞት ነው።

ይህን ጽሑፍ ስናወጣ የሐኪሞችን ሥራ በግብርና ሰዎች ጫንቃ ላይ ለመጫን አስበን አይደለም። የዚህ በሽታ መከላከያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበቅለው በማሳና በጓሮ ስለ ሆነ፥ የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፥ የቀበሌ ሹማምንት፥ ሰፊ ይዞታ ያላቸውም ገበሬዎች ነገሩን ከሥሩ ሊያውቁት ይገባል ብለን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው ይወቅልን።

ካሮቲን ማለት በካሮት፥ በበሰለ ዱባ፥ በማንጎ፥ በፓፓያና ውስጡ ብርቱካናማ በሆነ ስኳር ድንች ላይ የሚታየው ቀለም ነው። በ1831 ቫከንሮደር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት መጀመሪያ ከካሮት ሥር ለይቶ ስላወጣው ስሙን ከካሮት ወሰደ። በሐበሻ ጐመን፥ በቆስጣ፥ በዱባም ቅጠል ውስጥ በብዛት አለ፤ እዚያ ግን አረንጓዴው ቀለም ስለሚሸፍነው ዓይን አያየውም። የካሮቲን ዘመዶች እጅግ ብዙዎች ናቸው፤ ከስድስት መቶ የሚበልጡ ተቈጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ በሰው ሰውነት ወደ ቫይታሚን «ኤ» ሊለወጡ የሚችሉት ጥቂቶች ሲሆኑ፥ የሁሉ አለቃ ቤታ ካሮቲን የተባለው ነው።

ሊቃውንት ይህን ቀለም ከጤና ጋር ያገናኙት በቈሎን በመመርመር ነው፤ ስለዚህ የወለጋ ሰው ታሪኩን ከሌላው ይልቅ ሊሰማው ይገባል። በ1913 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማክኮለምና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች፥ የአሳማ ስብ ወይም የወይራ ዘይት እየተሰጣቸው ያደጉ አይጦች እድገታቸው እንደ ቆመ፥ ቅቤ ወይም የዕንቍላል አስኳል ስብ የተጨመረላቸው ግን ማደጋቸውን እንደ ቀጠሉ አዩ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስቲንቦክ የተባለው ሊቅ በ1919 ሌላ ነገር አስታወቀ። ነጭ በቈሎ የሚበሉት አይጦች ከስተው ሲጠፉ ቢጫ በቈሎ የሚበሉት በደኅና ይኖራሉ አለ። ሁለቱ በቈሎዎች ሆድን በመሙላትና ጕልበት በመስጠት እኩዮች ናቸው፤ በዓይን የሚታየው ልዩነታቸው ቀለማቸው ነው። ስለዚህ ስቲንቦክ ያ የተሰወረው ሕይወት ሰጪ ነገር ከቢጫው ቀለም ጋር ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ጻፈ።

ተቃዋሚዎች አልጠፉም፤ ምክንያታቸውም ደካማ አልነበረም። የዓሣ ጉበት ዘይት ቀለሙ እጅግ የሳሳ ሆኖ ሳለ ከሁሉ የበረታ የዳፍንት መድኃኒት ነው፤ ታዲያ ቀለሙ ምን ሥራ አለው? ይሉ ነበር። ይህን ክርክር በ1930 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ቶማስ ሙር ፈታው። ቫይታሚን «ኤ» ለጐደላቸው አይጦች ካሮቲን ሰጥቶ ጉበታቸውን ሲመረምር፥ ቢጫው ነገር ቀለሙን ጥሎ ቫይታሚን ሆኖ በጉበታቸው ተከማችቶ አገኘው። እንግዲህ ካሮቲን ራሱ ቫይታሚኑ አይደለም፤ ሰውነት ቫይታሚኑን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ጉበት፥ ወተት፥ ቅቤና ዕንቍላል ግን ከብቱ ወይም ዶሮዋ ሠርታ የጨረሰችውን ቫይታሚን ይሰጣሉ። የሁለቱን ነገሮች ኬሚካዊ አሠራር በዚያው ዘመን የገለጠው የስዊስ ሊቅ ፓውል ካረር በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ይህ ነገር በገዛ ቤታችን ይታያል። የክረምት ቅቤ ቢጫ የሚሆነው ላሚቱ የጋጠችው ርጥብ ሣር ካሮቲን ስለሚሸከም ነው፤ በበጋ ድርቆሽና ገለባ ስትበላ ቅቤዋ ይነጣል። ፍየል ግን የምትበላውን ካሮቲን ሁሉ ስለምትለውጠው ክረምትም በጋም ወተቷ ነጭ ነው። እናት ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚወጣው እንገር ቢጫነቱ ከካሮቲን የመጣ ነው፤ ቫይታሚን «ኤ»ም የተትረፈረፈበት ነው። እንገሩን ቈሻሻ ነው ብለው የሚያፈሱት ቤቶች ለሕፃኑ በዕድሜው ሁሉ ከሚያገኘው ወተት የተሻለውን ይደፉበታል።

አሁን ሰውነት በካሮቲን ምን እንደሚሠራበት እንመልከት። የተበላው ካሮቲን በሆድ ውስጥ ከስብ ጋር ተዋሕዶ ወደ አንጀት ግድግዳ ይገባል፤ እዚያም አንድ ኤንዛይም ከመካከሉ ሲሰነጥቀው እንደ ባቄላ ክክ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፋይ ቫይታሚን «ኤ» ይሆናል። ስሌቱ በወረቀት ላይ ሲታይ እንዲህ ያማረ ነው። በእውነት ሲመዘን ግን ብዙው ካሮቲን ከተክሉ አካል ሳይላቀቅ ያልፋልና፥ ሊቃውንት ከምግብ የተገኘ 12 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን እንደ 1 ማይክሮግራም ቫይታሚን «ኤ» ይቈጥሩታል። ትርፉን ጉበት እንደ ጐተራ ያኖረዋል። የጐለመሰ ሰው ጐተራ ሲሞላ ለብዙ ወራት ያቈየዋል፤ የሕፃን ጐተራ ግን ትንሽ ነው፤ አንድ የኩፍኝ በሽታ ሊያራቍተው ይችላል።

ከዚህ ጐተራ ዓይን ድርሻውን ይወስዳል። በዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ ሮዶፕሲን የሚባል ሐምራዊ ነገር አለ፤ ብርሃን ሲነካው ይፈርሳል፥ በጨለማም ይታደሳል። ማደሻው ቫይታሚን «ኤ» መሆኑን ያገኘው ጆርጅ ዋልድ ነው፤ ሥራውን በ1933 ጀምሮ በ1967 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ማደሻው ሲጐድል ሰው በቀትር እያየ በድንግዝግዝ ይታወራል፤ ይህ ነው ዳፍንት ማለት።

የቫይታሚኑ ሁለተኛ ሥራ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ገዳዩም ጕድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። የዓይንን፥ የጕሮሮን፥ የሳንባንና የአንጀትን ገጽ የሚሸፍነው ርጥብ ቆዳ በቫይታሚን «ኤ» ትእዛዝ ይታደሳል። ትእዛዙ ሲቋረጥ ቆዳው ይደርቃል፥ እንደ ተረከዝም ይሻክራል፤ በደረቀው ላይ ተሐዋስያን ይገቡበታል። በዓይን ነጭ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ምልክት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቢቶ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1863 ስለ ጻፈው የቢቶ ነጠብጣብ ይባላል። አልፍሬድ ሶመር የተባለው የዓይን ሐኪም በ1983 በኢንዶኔዢያ ዳፍንት ወይም የቢቶ ነጠብጣብ የያዛቸውን ሕፃናት ከደኅናዎቹ ጋር ሲያስተያይ፥ የታመሙት አራት እጥፍ ያህል ይሞቱ እንደ ነበር አስታወቀ። በ1986 ደግሞ እርሱና ባልደረቦቹ በአቼ አውራጃ መንደሮች ቫይታሚን «ኤ» በዓመት ሁለት ጊዜ የታደላቸው ሕፃናት ሞት ካልታደላቸው በ34 በመቶ አንሶ መገኘቱን አሳተሙ። ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች የተደረጉት ፈተናዎች ተሰብስበው ሲታዩ ቍጥሩ ከዚህ ቢያንስም ነገሩ እውነት መሆኑን አጽንተዋል።

ለአስተዳዳሪ ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በዴንማርክ የሆነው ነው። ዴንማርክ የላም አገር ናት፤ ቅቤዋም በዓለም የታወቀ ነው። ጦርነቱ የቅቤን ዋጋ ስላስወደደው ቅቤው ወደ ውጭ አገር ተጫነ፤ ለድኻው ልጅ የቀረለት ቅቤው የተገፈፈ ወተትና ከአትክልት ስብ የተሠራ ማርጋሪን ሆነ። ካርል ብሎክ የተባለው የኮፐንሃገን የሕፃናት ሐኪም ዓይናቸው የደረቀና የቈሰለ፥ አንዳንዶቹም የታወሩ ሕፃናት ቍጥራቸው እየበዛ ሲመጣ አየ፤ ምክንያቱም የስብ ምግብ ማጣት መሆኑን ተረዳ። በ1917 መጨረሻ የባሕሩ ጦርነት ንግዱን አቋረጠው፤ ቅቤው በአገር ቀረ፤ መንግሥትም ለያንዳንዱ ሰው በሳምንት 250 ግራም እንዲደርሰው ደነገገ። በ1918 በሽታው ከሞላ ጐደል ጠፋ። በዚያች አገር ድርቅ አልነበረም፥ አንበጣም አልነበረም፥ ከብቱም አላለቀም። ሕፃናቱን ያሳወራቸው የገበያ ዋጋ ነው፤ ያዳናቸውም የድልድል ደንብ ነው።

ይህን የምንጽፈው የወለጋ ገበሬ ቅቤውንና ዕንቍላሉን እንዳይሸጥ ለመከልከል አይደለም። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው 330 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ የወለጋ ሰው የልብሱን፥ የማዳበሪያውንና የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ የሚያገኝበት ነው። ነገር ግን ቅቤውን የሸጠ ቤት በምትኩ ለልጁ ዓይን ምን አስቀረ ብሎ መጠየቅ የአስተዳዳሪ ሥራ ነው። ለዚህም የሚገኘው ርካሽ ምትክ ካሮቲን ነው።

በአገራችን የተደረገውን ምርመራ እንመልከት። ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ከስድስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ያላቸው 6,636 ሕፃናት ታይተው ውጤቱ በ1991 ታትሞአል። ከመቶ ሕፃናት በአንዱ የቢቶ ነጠብጣብ ተገኘ፤ ይህም በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር ነው ለማለት ከተወሰነው ግማሽ በመቶ እጥፍ ነው። ነጠብጣቡ በአርብቶ አደሩ አገር 1.6 በመቶ፥ እህል በሚታረስበት አገር 1.1 በመቶ፥ ቡናና የመሳሰለው ለገበያ በሚመረትበት አገር 0.4 በመቶ ሲሆን፥ በእንሰት አገር ከነጭራሹ አልተገኘም። በደማቸው ሲመረመር ደግሞ 16 በመቶው ቫይታሚኑ ፈጽሞ የጐደላቸው፥ 44 በመቶውም ያነሳቸው ነበሩ። ወለጋን በዚህ ሚዛን ስናየው ከሁለት ዓይነት አገር የተገጠመ ነው፤ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ወገን የቡና አገር ሲሆን፥ የሲቡ ሲሬ፥ የአንገርና የሆሮ ጉዱሩ ማሳ የእህል አገር ነው። ስለዚህ አንዱ ወረዳ ደኅና መሆኑ ለጐረቤቱ ዋስ አይሆነውም። በ2005 እና በ2016 የወጡት የመላው አገር ምርመራዎች ሲተያዩ በደም ውስጥ የሚታየው ጕድለት ከ38 በመቶ ገደማ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዶአል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሆኖም ከሰባት ሕፃናት አንዱ ገና በጨለማው ወገን ቆሞአል ማለት ነው።

የወለጋ ልጅ የሚያድገው በበቈሎ ነው። ገንፎው፥ ቂጣው፥ ሙቁም፥ ከእናት ጡት በኋላ የሚለምደው የመጀመሪያው ምግብ ብዙውን ጊዜ በቈሎ ነው። ከባኮ ምርምር የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ ዘር በ1993 ከተለቀቀ ወዲህ የማሳው ፍሬ እጅግ በዝቶአል፤ ይህንን ማንም አይክድም፥ ማንም አይንቀውም። ነገር ግን ያ በቈሎ ነጭ ነው። ስቲንቦክ ያሳየን ነገር እዚህ ላይ ይነካናል፤ ነጭ በቈሎ ቢከመር ተራራ ቢያህልም ካሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። የምርት ዘገባችን በኩንታል ብቻ ስለሚጻፍ ይህ ጕድለት በየትኛውም ዐምድ አይታይም። በቈሎው ወደ ጓሮው እየሰፋ የዱባውንና የጐመኑን መደብ የበላበት ቤት በዘገባው ላይ ምርቱ ያደገ ቤት ተብሎ ይመዘገባል።

እንግዲያው ቢጫ በቈሎ ይዘራ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ተራው ቢጫ በቈሎ ቀለሙ አብዛኛው ሉቴይንና ዚያዛንቲን ከሚባሉት የካሮቲን ዘመዶች ነው፤ እነርሱ ለዓይን መካከል ጥላ ሆነው ያገለግላሉ እንጂ ወደ ቫይታሚን «ኤ» አይለወጡም። በ2008 የተለቀቀው ቢኤችኪውፒዋይ 545 የተባለው ቢጫ ዲቃላም የተመረጠው ለፕሮቲኑ ጥራት ነው። በዛምቢያ በ2012 የተለቀቁት ብርቱካናማ በቈሎዎች ግን ለዚሁ ነገር ተብለው የተዳቀሉ ናቸው። በብዙ የአፍሪካ አገሮችም ቢጫ በቈሎ የርዳታና የከብት ምግብ ተብሎ ስለሚናቅ፥ ሕዝቡ ሳይወድ ዘር ማደል ድካም ነው። ነጩን በቈሎ ትተን አጠገቡ ምን እንደሚበላ ብናስብ ይሻላል።

አጠገቡ መበላት ያለበት በቅድሚያ ብርቱካናማው ስኳር ድንች ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን በቀን የሚያስፈልገው 300 ማይክሮግራም ያህል ቫይታሚን «ኤ» ሲሆን፥ ውስጡ ጠልቆ ብርቱካናማ ከሆነ ስኳር ድንች ከመቶ ግራም ያነሰ ተቀቅሎ ቢሰጠው ድርሻው ይሞላል። ነጩ ስኳር ድንች ጕልበት ይሰጣል እንጂ ለዚህ አይረዳም፤ ስለዚህ ወረዳው «ስኳር ድንች ተተክሎአል» ብሎ ሲዘግብ የትኛው እንደ ሆነ ይጻፍ። በአገራችን ኩልፎና ቱላ የተባሉት ብርቱካናማ ዓይነቶች በ2005 ተለቀዋል። በሞዛምቢክ መንደሮች ይህ ተክል ከነአበሳሰሉ ትምህርት ሲገባ የሕፃናቱ ደም እንደ ተሻሻለ በ2007 ታትሞአል፤ በዚህ ሥራ የደከሙትም አራት ሰዎች በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተካፍለዋል።

ሁለተኛው ዱባ ነው። ዱባ በወለጋ ጓሮ ሁሉ ይበቅላል፤ የጠነከረ ቅርፊት ያለው ሲሆን በቤት ለወራት ይቀመጣል፤ ቅጠሉም ይበላል። ሲገዛም ሲዘራም ውስጡ ይታይ፤ ቢጫው በጠለቀ መጠን ካሮቲኑ ይበዛል። ጐመን ሦስተኛ ነው። ጐመንን ከዱባ በታች ማድረጋችን ለብዙ ሰው እንግዳ ይሆን ይሆናል፤ ነገር ግን በ1995 በኢንዶኔዢያ የሚያጠቡ እናቶች በየቀኑ አረንጓዴ ቅጠል ተጨምሮላቸው የደማቸው ቫይታሚን እንደ ታሰበው አልጨመረም፤ ቅጠሉ ካሮቲኑን አጥብቆ ይይዛልና። ስለዚህ ጐመን በደቀቀ ቢቈረጥ፥ በሚገባ ቢበስል፥ በዘይትም ቢሠራ ነው የሚጠቅመው። ካሮቲን በውኃ አይሟሟምና የተቀቀለበት ውኃ ይዞት አይሄድም፤ ፀሐይ ግን ታጠፋዋለች። ቅጠሉን ለበጋ ማድረቅ የሚሻ ቤት በጥላ ያድርቅ።

አንጮቴን የት ጣላችሁት የሚለን የነቀምቴ ሰው አይጠፋም። አንጮቴ የወለጋ ክብር ነው፤ በካልሲየሙም የተመሰገነ ነው፤ ለወላድና ስብራት ለደረሰበት ሰው መሰጠቱ ከንቱ ልማድ አይደለም። ሥሩ ግን ነጭ ስለ ሆነ የዱባን ቦታ ሊሞላ አይችልም። ማንጎም በዴዴሳና በአንገር ቈላ መልካም ይሆናል፤ ሆኖም ወቅቱ አጭር ነው፤ ደግሞም ቅጠሉንና ፍሬውን የሚመጠው ነጩ የማንጎ ተባይ በአገራችን በመጀመሪያ የታየው በ2010 በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ ነው። በማንጎ ብቻ መታመን አይገባም።

ቢጫ ሁሉ ካሮቲን እንዳይመስል ደግሞ ማስጠንቀቅ አለብን። የአልጫ ወጥ ቢጫነት ከእርድ ነው፤ እርድ ካሮቲን አይደለም። የቀይ ሥርም ቅላት ሌላ ነገር ነው። በርበሬ ካሮቲን አለው፤ ነገር ግን ሕፃን የሚበላው በርበሬ ኢምንት ነው።

ስለ ስብ የምንለው ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ካሮቲን ያለ ስብ አይገባም። ብዙም አያስፈልግም፤ ለአንድ ማዕድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፥ ማለት ከሦስት እስከ አምስት ግራም የሚሆን ስብ ይበቃል። ወለጋ የኑግ አገር ነው፤ ኑጉም በጆንያ ተጭኖ ይሄዳል። ያለ ዘይት የተቀቀለ ጐመን ለልጁ ሰጥቶ ኑጉን ሁሉ የሸጠ ገበሬ ሁለቱንም አጠፋ። በአንጀት ትል የተያዘ ልጅም ስቡንና ካሮቲኑን በሚገባ አይቀበልም፤ የመጸዳጃ ቤት ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የዓመቱንም አቈጣጠር ማየት ያስፈልጋል። በክረምት ጐመኑና የዱባው ቅጠል ስለሚበዛ፥ ቅቤውም ቢጫ ስለሚሆን፥ ጐተራው ይሞላል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ግን ጓሮው ይደርቃል፥ ላሚቱም ትነጥፋለች። በዚያው ወራት ዐቢይ ጾም ይገባል። ሕፃናት በጾም አይገደዱም፤ ነገር ግን በቤቱ የሚሠራው ወጥ የጾም ስለ ሆነ ለሕፃኑ ብቻ ወተትና ዕንቍላል የሚሠራለት ቤት ጥቂት ነው። በማይጾመውም ቤት ድኽነቱ ያንኑ ያደርጋል። በሩስያም የዐቢይ ጾም ወራት ዳፍንት እንደሚበዛ የዚያ አገር ሐኪሞች ከ150 ዓመት በፊት አስተውለዋል። ዱባ፥ ብርቱካናማ ስኳር ድንች፥ ጐመንና የኑግ ዘይት ደግሞ ሁሉም የጾም ምግብ ናቸው፤ እንግዲህ ጾሙን ሳይነኩ ልጁንም እናቱንም መርዳት ይቻላል። የሚጐድለው በየካቲትና በመጋቢት እንዲገኙ አስቀድሞ ማሰናዳት ነው። የዕቃ ማጠቢያ ውኃ የሚደፋበት ቦታ በበጋ አንድ የጐመን መደብ ያኖራል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጡትን የቫይታሚን «ኤ» ካፕሱል ማንም በጓሮው አመካኝቶ እንዳይተወው። ዳፍንት የታየበት ልጅ፥ ኩፍኝም የያዘው፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ዱባ እስኪበስል አይጠበቅም። በሌላ በኩል ካፕሱሉን ገዝቶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥ፥ ይልቁንም ለነፍሰ ጡር ሴት፥ አደገኛ ነው፤ ብዛቱ ፅንሱን ይጐዳልና። ከምግብ የሚገኘው ካሮቲን ይህ ጠንቅ የለበትም፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይለውጣል፤ እጅግ ቢበዛ መዳፍ ቢጫ ይሆናል እንጂ ሌላ አያመጣም። በክኒን የተከማቸው ቤታ ካሮቲን ግን ሌላ ነው። በ1994 በፊንላንድ 29,133 ሲጋራ አጫሾች የተካፈሉበት ፈተና ሲታተም፥ በቀን 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን የዋጡት የሳንባ ካንሰራቸው በ18 በመቶ በዝቶ ተገኘ፤ በአሜሪካም ተመሳሳይ ፈተና ጕዳቱ ስለ ታየ በ1996 ከጊዜው በፊት ቆመ። በከተማ መድኃኒት ቤት «የዓይን ቫይታሚን» እየተባለ የሚሸጠውን ክኒን አጫሽ ሰው እንዳይወስደው ይነገረው።

ወደ ሥራው ስንመለስ፥ የብርቱካናማው ስኳር ድንች ዋናው ችግር መሬቱ አይደለም፤ ሐረጉ ነው። ተክሉ በዘር ሳይሆን በሐረግ ቍራጭ ይተከላል፤ በበጋ ሐረጉ ይደርቅና ዝናብ ሲገባ ገበሬው የሚተክለው ያጣል። ስለዚህ በየወረዳው ውኃ አጠገብ ባለ ቦታ፥ ወይም በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ግቢ፥ አንድ የሐረግ መደብ በበጋ እየጠጣ ይኑር፤ ዝናብ ከመግባቱ ሁለት ወር አስቀድሞ ይስፋ። ቍራጩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ከሁለት እጅ በላይ የሚሆነው በእርከን አፈር ውስጥ ይቀበር። ሥሩ ሲያብጥ መሬቱ ይሰነጠቃልና በስንጥቁ ነቀዙ እንዳይገባ አፈር ይታቀፍ። ሐረጉ ሲታደል አስቀድሞ የሚሰጠው ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ወይም የምታጠባ እናት ላለችበት ቤት ይሁን፤ የተቀበለውም ቤት በሚመጣው ዓመት ያንኑ ያህል ሐረግ ለጐረቤቱ እንዲሰጥ በቀበሌው መዝገብ ላይ ስሙ ይጻፍ።